ዛሬ ምን ይሠራ?

አምቦ ውስጥ የሥነ ምግብ ምክር የምሰጥ ባለሙያ ነኝ። ከጉደር፣ ከጊንጪ፣ ከጌዶ ደም አንሷችኋል ወይም የልጃችሁ ክብደት አልጨመረም ተብለው እኔ ዘንድ የሚላኩ እናቶችን አስቀድሜ የምጠይቃቸው ባለፈው ሳምንት ቤታቸው ምን ምን እንደተበላ ነው። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ሰኞ ሽሮ፣ ማክሰኞ ሽሮ፣ ረቡዕ ሽሮ፣ ሐሙስ ድንች፣ ዓርብ ደግሞ ሽሮ። ደመወዝ የወጣ ሰሞን ከሆነ እሑድ ትንሽ ሥጋ ይኖራል።

ሽሮን የምነቅፍ ሰው አይደለሁም፤ ጥሩ የፕሮቲን ምንጭ ነው። የሚያሳስበኝ መደጋገሙ ነው። መንስኤው ሁልጊዜ የገንዘብ እጥረት ቢሆን ኖሮ እኔ የምመክረው ብዙም ባልኖረ ነበር። ነገር ግን «ዛሬ ምን ይሠራ?» የሚለው ጥያቄ የሚነሳው ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ሁሉም ደክሞትና ልጆቹ ርቧቸው እያለ ነው። በዚያ ሰዓት ቶሎ የሚደርሰው ሽሮ ነው። ሽንኩርቱ ከጉልት በመደብ፣ ዘይቱ ከሱቅ በትንሽ በትንሹ፣ አንዳንዴም በዱቤ ይመጣል። በየቀኑ እንዲህ ሲገዛ ገንዘቡ በምን እንዳለቀ ሳይታወቅ ወሩ ይጋመሳል።

የሚገርመኝ ይህ የሚሆነው ዕቅድ በሚያውቅ ቤት ውስጥ መሆኑ ነው። በርበሬው ተቀንጥሶ፣ ተደልዞና ተፈጭቶ ለወራት ይቀመጣል። የሽሮው እህል ተቆልቶ፣ ተከክቶ፣ በቅመም ይዘጋጃል። የጤፍ ሊጥ ለመብሰል ሁለት ሦስት ቀን ስለሚፈልግ እንጀራ ሳያስብበት የሚጋግር ሰው የለም። ለእንጀራው ከሦስት ቀን በፊት የምትሰናዳ እናት ለወጡ ግን የምታስበው እሳቱ ከተቀጣጠለ በኋላ ነው።

ደግሞም የምንኖረው የሚበላ በማይጠፋበት አካባቢ ነው። የጊንጪ ጥቁር አፈር ጤፍና ሽምብራ ያበቅላል፤ ጀልዱ ድንች አለ፤ ጉደር በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ይለማል። የባኮ ምርምር ማዕከል የበቆሎ ዝርያዎችን በማውጣት በአገር ደረጃ ይታወቃል። ያም ሆኖ በ2011 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ 100 የኢትዮጵያ ልጆች 37ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። ምርት ከሚገኝበት አካባቢ የሚመጣ የቀነጨረ ልጅ በየጊዜው ስለማይ፣ ጎተራው መሙላቱ ብቻውን እንደማያጽናና አውቃለሁ።

ወጡን አስቀድሞ ማቀድ እንዴት ይጀመር ለሚለኝ ሰው የምመልሰው ቀላል ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም አያቅዱ። የተበላውን ብቻ በልጅዎ ደብተር ጀርባ ላይ ይጻፉ፤ መጻፍ ካልቻሉ ልጁ ይጻፍልዎ። በሁለተኛው ሳምንት የሦስት ቀን ወጥ ብቻ አስቀድመው ይወስኑ። ሰባቱንም ቀን በአንድ ጊዜ ለማቀድ የተነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ በሦስተኛው ቀን ሲተወው አይቻለሁ።

ለሚጾም ቤት ሁለቱ ቀናት አስቀድመው የታወቁ ናቸው፤ ረቡዕና ዓርብ። ረቡዕ ምስር ከጎመን ጋር ከሆነ ዓርብ ቦሎቄ ወይም ሽምብራ ይሁን፤ ሱፍ ወይም ተልባ ፍትፍትም ይቻላል። የዓርቡ ቦሎቄ ሐሙስ ማታ ውኃ ውስጥ ይዘፍዘፍ። ሌሊቱን ያደረ ቦሎቄ ቶሎ ስለሚበስል ከሰል ይቆጥባል፤ የተዘፈዘፈበት ውኃ ሲደፋም ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ከሚያውኩት ነገሮች የተወሰነው አብሮ ይወጣል። ከወጡ ጎን ጥሬ ቃሪያ ወይም ቲማቲም ይቅረብ፤ ቫይታሚን ሲ የምስሩንና የጎመኑን ብረት ሰውነት እንዲቀበለው ይረዳል። ቡናው ግን ከማዕዱ አንድ ሰዓት ያህል ይራቅ። ደም ላነሳት ሴት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት የግዢው ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። ጎመኑና ሰላጣው ከገበያ በተመለሱበትና በማግስቱ ይበላል፤ ከዚያ ቲማቲሙ፤ ካሮት፣ ድንችና ሽንኩርት ይቆያሉ፤ ምስርና ሽሮ ለሳምንቱ መጨረሻ ይተዋሉ። ይህን ቅደም ተከተል የያዘ ቤት ጠውልጎ የሚጣል ጎመን አይኖረውም።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን የሕፃኑ ነገር ነው። ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ያለ ልጅ የእናት ጡትን ጨምሮ ከስምንቱ የምግብ ምድቦች ቢያንስ ከአምስቱ በየቀኑ ማግኘት አለበት። በጾም ወራት ቤቱ በሙሉ ሲጾም እንቁላልና ወተት ከማዕድ ቤት ይጠፋሉ። ሕፃኑ እንዲጾም ቤተ ክርስቲያን አላዘዘችም፤ ችግሩ እናቲቱ የጾሙን ዕቃ በፍስክ ላለመንካት መጠንቀቋ ነው። ስጋቷን አከብራለሁ። ስለዚህ ለሕፃኑ ብቻ የምትሆን ትንሽ ድስትና ማንኪያ እንድትለይ እመክራታለሁ። ያችን ድስት የለየች እናት ልጇን በሁዳዴም እንቁላል ታበላለች። ዶሮ ካላት ደግሞ እንቁላሉን ሰብስባ ለገበያ ከመስጠቷ በፊት የልጇን ድርሻ ታስቀር፤ እንቁላል ተሸጦ የተገዛ ፓስታ የእንቁላሉን ያህል አይጠቅመውም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ስለ ጾሙ ከንስሐ አባቷ ጋር ትነጋገር።

በ2014 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአገራችን የአመጋገብ መመሪያ የሚመክረውም በየቀኑ ከተለያዩ የምግብ ዓይነቶች መመገብን ነው። መመሪያው ከማዕዳችን የሚደርሰው ግን ገንዘቡን የሚይዘውና ወጡን የሚሠራው ሰው አብረው ሲነጋገሩ ነው። ምክሬን ብቻዋን ሰምታ የሄደች ሴት ብዙ ጊዜ ያለ ለውጥ ትመለሳለች፤ ምን መግዛት እንዳለባት ታውቃለች፣ የአስቤዛው ብር ግን በየቀኑ ተቆንጥሮ ነው የሚሰጣት። ስለዚህ ይህን የምታነቡ አባወራዎች፣ ከሚቀጥለው የገበያ ቀን በፊት ባለው ምሽት ከባለቤቶቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ የሦስት ቀኑን ወጥ አብራችሁ ወስኑ፤ የሳምንቱንም አስቤዛ ብር በአንድ ጊዜ ስጡ።