አንገታችንን እንወቅ፣ እንጠብቅ



ሶላታችንን ስናጠናቅቅ ፊታችንን ወደ ቀኝና ወደ ግራ አዙረን እናሰላምታለን። ይህ ቀላል የሚመስል እንቅስቃሴ እንዴት እንደሚከናወን አስበው ያውቃሉ?

አንገት 7 አጥንቶች የተደረደሩበት የአከርካሪ ክፍል ነው። ከ4 እስከ 5 ኪሎ የሚመዝነውን ጭንቅላታችንን የሚሸከመውም እርሱ ነው። የመጀመሪያው አጥንት አትላስ ይባላል፤ ቅርጹ ቀለበት ይመስላል። የራስ ቅላችን በላዩ ተቀምጦ ወደ ላይና ወደ ታች ይነቀነቃል። ሁለተኛው አጥንት አክሲስ ሲሆን፣ ወደ ላይ የቆመ ጥርስ መሰል ጉጥ አለው። ቀለበት በጣት ላይ እንደሚዞር ሁሉ አትላስም በዚህ ጉጥ ዙሪያ ይዞራል። ስናሰላምት አንገታችን ከሚዞረው ግማሽ ያህሉ የሚገኘው ከእነዚህ ሁለት አጥንቶች መገናኛ ነው። ቀሪውን ከታች ያሉት አጥንቶች ይካፈሉታል።

በአጥንቶቹ መሃል ህብለ ሰረሰር ያልፋል። እጅና እግራችን የሚታዘዙት፣ ትንፋሻችንም የሚንቀሳቀሰው በእርሱ በኩል ነው። በአጥንቶቹ ጎንና ጎን ደግሞ ወደ አንጎል ደም የሚያደርሱ ሁለት የደም ስሮች ይወጣሉ። ስለዚህ ፀጉር አስተካካይም ሆነ ሌላ ሰው አንገትዎን በድንገት ጠምዝዞ እንዲያንቋቋ አይፍቀዱ።

በተለይ አደጋ ሲደርስ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከደጀን በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ መኪና ሊገለበጥ፣ በየገጠሩም ሰው ከበቅሎ ወይም ከዛፍ ሊወድቅ ይችላል። በዚህ ጊዜ የተጎዳውን ሰው ብድግ አድርጎ ማንሳት ወይም ወጌሻ ጠርቶ አንገቱን ማሳሸት የተለመደ ነው። ነገር ግን አጥንቱ ተሰብሮ ህብለ ሰረሰሩ ያልተነካ ሰው በዚህ የተነሳ ዕድሜ ልኩን ሽባ ሊሆን፣ ሊሞትም ይችላል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

• ተጎጂው እንዳይንቀሳቀስ ይንገሩት፤ ጭንቅላቱን በሁለት እጅ ይደግፉ።
• የግድ ማንሳት ካስፈለገ ብዙ ሆናችሁ ራሱን፣ አንገቱንና ጀርባውን እንደ አንድ ግንድ በአንድ ላይ አንቀሳቅሱት።
• የሚያስታውከው ከሆነ መላ አካሉን በአንድነት ወደ ጎን አዙሩት።
• በሳንቃ ወይም በቃሬዛ አስተኝታችሁ፣ ከጭንቅላቱ ግራና ቀኝ የተጠቀለለ ጋቢ አድርጋችሁ፣ በአቅራቢያ ወዳለው የቢቸና ወይም የሞጣ ሆስፒታል አድርሱት።

አደጋ ሳይደርስም አንገት ሊታመም ይችላል። እጅ ከደነዘዘ ወይም ከዛለ፣ እግር ከተሳሰረ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ሳይዘገዩ ይመርመሩ። ከትኩሳትና ከራስ ምታት ጋር አንገት ደርቆ አገጭ ደረትን አልነካ ካለ ማጅራት ገትር ሊሆን ስለሚችል፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና ይሂዱ። የአንገት ሕመም ለሩኩዕና ለሱጁድ ያስቸገረውም ሰው እንደ አቅሙ መስገድ ተፈቅዶለታልና ራሱን አያስጨንቅ።

ጤና አማና ነው፤ እንጠብቀው። ወሰላሙ ዐለይኩም።