«ተራው ሰው የት ተጽፎ?»

የማኅበራዊ ታሪክ ጥናትን ሙያዬ ላድርግ የሚል ወጣት ገና ሳይጀምር የሚሰማው አንድ ነገር አለ፤ «የእኛ አገር ጽሑፍ የነገሥታትና የቅዱሳን ነው፤ ተራው ሰው የት ተጽፎ?» ይሉታል። ይህ ልክ አይደለም።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር መሬት ሲሸጥ ውሉ በቤተ ክርስቲያን ብራና ባዶ ገጽ ወይም ኅዳግ ላይ ይሰፍር ነበር። የሻጩና የገዢው ስም፣ በወቄት ወርቅ ወይም በአሞሌ ጨው የተቆረጠው ዋጋ፣ ዋሱና ምስክሮቹ እዚያው አሉ። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክራሚ እነዚህን ማስታወሻዎች ሲያጠኑ፣ ሴቶች በገዛ ስማቸው መሬት ሲገዙ፣ ሲሸጡና ሲሟገቱ አገኙ። ዜና መዋዕል ብቻ ያነበበ ሰው እነዚያን ሴቶች ጨርሶ አያገኛቸውም።

እርግጥ ነው፣ መሬት የሚሸጥና የሚገዛ ሰው መሬት ወይም ወርቅ ያለው ነው፤ ምንም የሌለው በዚያ ኅዳግ ላይ ስሙ እምብዛም አይነሣም። «ሰነድ ካለ እውነቱ አለ» የሚለው እምነት የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ወረቀት የሚጻፈው የሚፈልገው ሰው ስላለ ነው። የፍርድ ቤት መዝገብ የተጣሉትን ጎረቤታሞች እንጂ በሰላም የኖሩትን አያሳይም። በግብር መዝገብ ላይ ደግሞ ባለመሬቱ ይዞታውን አሳንሶ ማስመዝገብ ይጠቅመው ነበር። ስለዚህ ተመራማሪው «ማን ጻፈው? ለማን? ምን ተወ?» እያለ ሰነዱን ከሌላ ሰነድና ከአዛውንት ቃል ጋር ያመሳክራል። ቀኑ እንኳ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ የጥቅምት 1928 ዓ.ም. ደብዳቤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1935 ነው፣ የጥር 1928 ግን የ1936። ይህን የዘነጋ ሰው በጣሊያን ወረራ ወራት የደረሰውን ነገር ሁሉ ቅደም ተከተሉን ያዛባዋል።

«ሁሉም ኢንተርኔት ላይ አለ» የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡትና ብዙዎቹ ዛሬ በኢንተርኔት የሚታዩት ወደ 9,000 የሚጠጉ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ትልቅ ሀብት ናቸው፤ የግእዝ ሊቁ ጌታቸው ኃይሌም ዝርዝራቸውን በማዘጋጀት ብዙ ደክመዋል። ነገር ግን በአብዛኛው የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ናቸው። የአውራጃ ጽሕፈት ቤትን ፋይል የሚፈልግ ሰው ዛሬም መደርደሪያው ድረስ መሄድ፣ የታሰረውን ክር መፍታትና የጸሐፊውን እጅ ማንበብ መልመድ አለበት።

«ከማስተማር ሌላ እንጀራ የለውም» የሚባለውም ሥራውን ካለማየት የመጣ ነው። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት)፣ ስድስት ኪሎ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም፣ ሙዚየሞች፣ የየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤቶች ሁሉ ሰነድ የሚለይ፣ የሚመዘግብና የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋሉ። ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ በአዋጅ ቁጥር 179/1991 የራሱ ሕግ አለው። ደመወዙ ብዙ ላይሆን ይችላል። ግእዝ የሚያነብና የድሮ የእጅ ጽሑፍ የሚለይ ሰው ግን ጥቂት ስለሆነ፣ ሁለቱን አጥርቶ የሚያውቅ ወጣት በተመራማሪዎች ዘንድ ይፈለጋል።