በናርጋ አብረው ገቡ

በ2008 ዓ.ም. የጥር ሥላሴ ዋዜማ፣ ከደባርቅ ተነሥተው በዳባትና በጎንደር አልፈው ጎርጎራ የወረዱ አዛውንት ባልና ሚስት በጣና ጀልባ ላይ አገኘን። ከስሜን ደጋ ርቀው የማያውቁት እናት ማዕበሉን ፈርተው የባለቤታቸውን እጅ አጥብቀው ይዘዋል።

ዳጋ እስጢፋኖስ ስንደርስ ግን እጆቹ ተላቀቁ። ገዳሙ ሴት አይገባበትምና፣ አባት የአፄ ፋሲለደስ ዐፅም ወዳረፈበት ደብር ሲወጡ እናት ከጀልባዋ ሆነው ተሳለሙ። «አልከፋዎትም?» ብንላቸው፣ «ሥርዓት ነው ልጆቼ፤ ነገ ናርጋ አለችልኝ» አሉን።

በማግስቱ ጥር 7 ቀን፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ምዕተ ዓመት ባሠሯት ናርጋ ሥላሴ፣ አባት በወንዶች፣ እናት በሴቶች መቆሚያ ሆነው በአንድ ጣሪያ ሥር አስቀደሱ። እቴጌይቱም ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው በተሣሉበት በዚያ ቅጽር፣ የእናት ናፍቆት ተፈጸመ።

የሥላሴ ቸርነት አይለየን፤ መልካም በዓል።