የእጅ አናጢነት በናይሮቢ

በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ፣ ንጎንግ ሮድ በሚባለው ጎዳና የሚያልፍ መንገደኛ፣ አልጋው፣ ቁም ሣጥኑ፣ ጠረጴዛውና ወንበሩ በመንገድ ዳር ተደርድሮ ሲሸጥ ያያል። ዕቃው የሚሠራውም እዚያው ከመሸጫው ኋላ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ወይም ያለ አንዳች ጥላ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሥራ የአገሩ ሰዎች በስዋሂሊ ቋንቋ «ጁዋ ካሊ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም ብርቱ ፀሐይ ማለት ነው። ባለሙያውም «ፉንዲ» ይባላል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1972 ዓ/ም (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ስለ ኬንያ ባወጣው ጽሑፍ፣ በመዝገብ ያልገባው ይህን የመሰለው ሥራ አገርን የሚጠቅም እውነተኛ ሥራ መሆኑን አስረድቷል።

የሙያው ታሪክ ከከተማይቱ ታሪክ ጋራ የተያያዘ ነው። በ1896 ዓ/ም ከሞምባሳ ወደብ የተጀመረው የባቡር ሐዲድ በ1899 ዓ/ም ናይሮቢ ሲደርስ፣ ቦታው ረግረግ ሜዳ ነበር። ለሐዲዱ ሥራ 32,000 ያህል ሠራተኞች ከሕንድ አገር መጥተው ነበርና፣ ከእነርሱም መካከል በአገሩ የቀሩት፣ በኋላም የተከተሏቸው የፑንጃብ አናጢዎችና አንጥረኞች፣ የእጅ ሙያቸውን በከተማው አስፋፉ። የናይሮቢ ፉንዲ መላጊያውን የሚጠራበት «ራንዳ» የሚለው ቃል ዛሬም በሕንድ አናጢዎች ዘንድ የሚነገር ነው።

ይህን ሙያ ለእንጀራው ሳይሆን ከቢሮ ሥራ በኋላ ለጊዜ ማሳለፊያ የሚይዝ ሰውም አለ። ለመነሻ የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም፤ መጋዝ፣ መላጊያ፣ ሁለት ወይም ሦስት መሮ፣ መዶሻ፣ ስኳድራ፣ የመሳያ ድንጋይ፣ ኮላና እንጨቱን አጥብቆ የሚይዝ ሞርሳ ይበቁታል። ነገር ግን የመጀመሪያው ቅዳሜ ብቻውን ብዙ ነገር ያስተምረዋል። ምላጩ ካልተሳለ፣ ወይም መላጊያው የእንጨቱን ቃጫ ተቃርኖ ከተገፋ፣ ጣውላው ይቦጫጨቃል እንጂ አይለሰልስም። የወንበርን እግር ለማያያዝ ምስማር ቀላል መስሎ ይታያል፤ ሆኖም ከጊዜ በኋላ ይላላል። የሚጸናው፣ የአንዱ እንጨት ጫፍ እንደ ምላስ ተቀርጾ በሌላው ላይ በመሮ በተፈለፈለው ቀዳዳ ውስጥ ልክ ሆኖ ሲገባ ነው። አራት እግርና አራት አግዳሚ ያለው ተራ በርጩማ ስምንት እንዲህ ያለ መጋጠሚያ አለው፤ ከስምንቱም አንዱ ቢጣመም በርጩማው ይንገዳገዳል።

ከሁሉ ይልቅ ትዕግሥት የሚጠይቀው እንጨቱ ራሱ ነው። በናይሮቢ ለቤት ዕቃ በብዛት ከሚሸጡት አንዱ በአማርኛ የፈረንጅ ጥድ የሚባለው ነው፤ መነሻው ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ሲሆን፣ ቶሎ የሚያድግና ለእጅ መጋዝ የሚመች ነው። በአማርኛ ዋንዛ የሚባለውን ዛፍ ደግሞ የኪኩዩ ሰዎች «ሙሪንጋ» ይሉታል፤ እርሱም ለመልካም ዕቃ የተመሰገነ ነው። ዳሩ ግን እርጥብ እንጨት ሲደርቅ፣ በቁመቱ እምብዛም ሳይቀንስ በወርዱ ይሰበሰባል። ስለዚህ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው የዝናብ ወቅት እርጥብ ጣውላ ገዝቶ ወዲያው ጠረጴዛ የሠራ ሰው፣ በደረቁ ወራት ጠረጴዛው ተሰንጥቆ ያገኘዋል። በጥላ ሥር በነፋስ የሚደርቅ ጣውላ፣ ለየሁለት ሣንቲ ሜትር ተኩል ውፍረቱ አንድ ዓመት ያህል እንዲቆይ የአናጢዎች የቆየ ልማድ ይመክራል።

እንግዲህ ይህ ጊዜ ማሳለፊያ ለነጋዴውና ለሹሙ ምን ይጠቅማል? ስምንቱን መጋጠሚያ በገዛ እጁ የፈለፈለ ነጋዴ፣ በመንገድ ዳር ዋጋ ሲከራከር ነገሩን በሌላ ዓይን ያየዋል። ርካሹ ወንበር ርካሽ የሆነው እንጨቱ ሳይደርቅ ስለ ተሠራ፣ ወይም የፉንዲው ድካም ስላልታሰበ መሆኑን ይረዳል።

ለሹሙም እንዲሁ ነው። በ2018 ዓ/ም የካቲት ወር የኬንያ መንግሥት ከመንግሥትና ከማኅበረሰብ ደኖች እንጨት እንዳይቆረጥ አገደ፤ እገዳውም መጀመሪያ ለ90 ቀን ቢባል ለዓመታት ተራዘመ። ደኑ የወንዞች መነሻ ነውና መጠበቁ ተገቢ ነበር፤ ነገር ግን ጣውላው በመወደዱ ሸክሙ በአናጢው ላይ ወደቀ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ደግሞ ጊኮምባ በሚባለው የናይሮቢ ታላቅ ገበያ፣ ጣውላ በሚሸጥበት በኩል የተነሣው እሳት ቢያንስ 15 ሰዎችን ገደለ። ከራሱ የሥራ ጠረጴዛ ሥር ሰጋቱራና ፍቅፋቂ የጠረገ ሹም፣ ያ ክምር በአንዲት ፍንጣሪ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚያያዝ ለማወቅ መግለጫ አይጠብቅም። መንገድ ሲሰፋና ገበያ ሲታቀድ፣ ለፉንዲው ቋሚ ቦታ፣ ውሃና የእሳት አደጋ መኪና የሚገባበት በቂ መተላለፊያ ማሰብ እንደሚገባ ይገነዘባል።

ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በመላጊያና በመሮ የሚያልፈው ጊዜ በከንቱ የጠፋ አይደለም። የተሠራው በርጩማ ምናልባት ጥቂት ይንገዳገድ ይሆናል፤ ሠሪው ግን ሰኞ ቢሮው ገብቶ ስለ አናጢዎች የቀረበለትን ወረቀት ሲያነብ፣ ከወረቀቱ ጀርባ ያለውን ድካም ያውቀዋል።