የጣሪያችን ውሃ ወዴት ይሄዳል?

ሐምሌ ላይ ዶፉ ሲወርድ መጀመሪያ የምንሰማው ቆርቆሮውን ነው። ቀጥሎ አንዱ የቤት ሰው ሮጥ ብሎ ከአሸንዳው ሥር ባልዲ ይደቅናል። ሌላ ባልዲ እስኪያመጣ የመጀመሪያው ሞልቶ ይፈሳል።

እስቲ ያንን ውሃ እንለካው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲጥል ልክ አንድ ሊትር ነው። ጣሪያዎ 40 ካሬ ቢሆንና 25 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ ከአሸንዳዎ 1,000 ሊትር ወረደ ማለት ነው። ባለ 200 ሊትር በርሜል አምስት ይሞላል። በሰፈርዎ እንዲህ ያለ ጣሪያ መቶ ካለ አምስት መቶ በርሜል ሆነ፤ አስፋልቱንና ሊሾ የተደረገውን ግቢ ገና አልቆጠርንም።

ይህ ሁሉ ውሃ እኩል ተነሥቶ ወደ አንዱ ዲች ይሮጣል። ዲቹን የሚያሸንፈው ጥድፊያው ነው። ይሞክሩት፦ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ከትከሻው ዝቅ ብለው ይቁረጡ። ክዳኑን በጋለ ሚስማር ይብሱና የላይኛውን ክፍል ዘቅዝቀው በታችኛው ላይ ያስቀምጡ። አሁን የላይኛው ክፍል ከሚይዘው ጥቂት የበለጠ ውሃ ባንዴ ይገልብጡበት፤ ገንፍሎ ጠረጴዛው ላይ ይፈሳል። ያንኑ ውሃ ቀስ አድርገው ቢያንቆረቁሩት ግን በዚያችው ቀዳዳ ሁሉም ያልፋል።

እናቶቻችን ከአሸንዳው ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ የሚያደርጉት ለዚህ ነው። ውሃው ከከፍታ ወርዶ ድንጋዩ ላይ ሲፈርጥ ጉልበቱ ይሰበራል፤ አፈሩን ሳይቆፍር ወደ ጌሾው ሥር ይሄዳል። የጌሾው ሥር ደግሞ መሬቱን ሰንጥቆ መግቢያ ያበጅለታል። የከተማ መሐንዲሶች ዛሬ በብዙ ገንዘብ የሚሠሩት ይህንኑ ነው፦ ውሃውን ማዘግየት፣ ማስረግ፣ ማጠራቀም። ኮብልስቶንም ቢሆን በድንጋዮቹ መካከል ያለው አሸዋ በጭቃ እስካልተደፈነ ድረስ ጥቂት ያሰርጋል።

መሬትም ግን ይጠግባል። በደረቅ የሳህን ስፖንጅ ላይ ውሃ ጠብ ያድርጉ፤ ይጠጣዋል። ስፖንጁ ሲርስ ይድገሙት፤ በጎኑ ይወርዳል። ነሐሴ ላይ ትንሽ ዝናብ ትልቅ ጎርፍ የሚያመጣው መሬቱ እንደዚህ ስፖንጅ ጠግቦ ስለሚቆይ ነው።

አዲስ አበባ ደግሞ ተዳፋት ናት። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አቃቂ ወደ 2,100 ሜትር ይወርዳል። ላይኛው ሰፈር የለቀቀውን ታችኛው ሰፈር ይቀበላል። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤት ብቻውን ቦይ እየቆፈረ አይዘልቀውም፤ ባለ ጣሪያው ሁሉ መግባት አለበት።

ባለ ጣሪያውን በሒሳብ የሚያስገባ ከተማ አለ፦ ዋሽንግተን ዲሲ ዘመድ ካለዎት የውሃ ቢሉን እንዲያነብልዎ ይጠይቁት። ለጠጣው ውሃ ከሚከፍለው ሌላ፣ ውሃ ለማያሰርገው ጣሪያና ሲሚንቶ በስፋቱ ልክ የሚከፍለው ሒሳብ አለ። በአንጻሩ ከተማው ሪቨርስማርት በተባለ ፕሮግራም ለቤት ባለቤቶች ዛፍ በመትከል፣ የዝናብ በርሜልና ውሃ የሚያሰርግ ንጣፍ በማስገባት ያግዛል። ከከተማዋ ሲሶ በሚሆነው ክፍል የዝናቡና የሽንት ቤቱ ፍሳሽ በአንድ ቱቦ ስለሚሄድ፣ ዶፍ ሲመጣ ቆሻሻው ወደ ወንዝ ይገባ ነበር። ለዚህም ከመሬት በታች ግዙፍ ዋሻ ቆፍረዋል፤ ትርፉ ውሃ እዚያ ቆይቶ ተራው ሲደርስ ወደ ማጣሪያ ይሄዳል። ዋሻውም በርሜል ነው፤ ትልቅ መሆኑ ነው እንጂ።

እኛ ዘንድ ከሁሉ የሚረክሰው በርሜሉ ነው። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ውሃ ያሳልፉት፤ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ ስለሚመጣ። የቀረውን ለልብስና ለአትክልት ያጠራቅሙ። ልጆች እንዳይገቡበት፣ ትንኝም እንዳይራባበት ክዳን አይርሱ። ሞልቶ የሚተርፈው ወደ አፈር እንጂ ወደ መንገድ እንዳይሄድ ያድርጉ። ግቢዎን ሊሾ ሊያደርጉ አስበው ከሆነ፣ እባክዎ ቢያንስ በአጥሩ ዙሪያ አፈር ይተዉ።

ነገ ጠዋት ደግሞ ከበርዎ ፊት ያለውን ዲች ጎንበስ ብለው ይዩት። አንድ ፌስታል የዲቹን ክዳን ቀዳዳ መድፈን ይችላል። ያንሱት፤ የእድሩ ሰዎች ሲሰበሰቡም ጉዳዩን ያንሱላቸው፤ ከሰኔ በፊት ቢሆን ይመረጣል።