ስንሠራ የምናቃጥለው ጉልበት ወዴት ይሄዳል?

ደማምና ኾበር ያላችሁ እህት ወንድሞቼ፣ ሐምሌና ነሐሴ በመጣ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይደርሰኛል፦ «በደንብ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ታዲያ ለምን አቅም አጣሁ?» ብዙዎቻችን መልሱን ከምግብ እንፈልጋለን። ቴምር ይጨመራል፣ ቫይታሚን ይገዛል፣ ኃይል ይሰጣል የሚባለው የቆርቆሮ መጠጥም ይከተላል። እኔ ግን በዚህ አገር በጋ የሚጥለን የጉልበት ማነስ ሳይሆን የሙቀት መውጫ ማጣት ነው እላለሁ።

በእንጀራውም ሆነ በሩዙ ውስጥ ያለው ጉልበት መነሻው ፀሐይ ነው። የጤፍ ቅጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር፣ ውሃን ከሥሩ ወስዶ በብርሃን ጉልበት ስኳር ይሠራል፤ ከዚያም በስታርች መልክ በፍሬው ያስቀምጠዋል። (እ.ኤ.አ. በ1938 ዳህራን ላይ ከደማም ቁጥር 7 ጉድጓድ የወጣው ነዳጅም ዘሩ ይኸው ነው፤ በጥንት ባሕር የኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታት የሰበሰቡት የፀሐይ ጉልበት ነው።) ስንበላ ስታርቹ ወደ ግሉኮስ ይፈርስና በደም አድርጎ ወደየሕዋሱ ይደርሳል። እዚያም ማይቶኮንድሪያ የሚባሉት የሕዋስ ክፍሎች ከምንተነፍሰው ኦክስጅን ጋር እያቃጠሉ ኤቲፒ የተባለውን ሞለኪውል ይሠሩበታል። ጡንቻ የሚኮማተረው በኤቲፒ ነው። በሰውነታችን ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚገኘው ጥቂት ነው፤ ያለማቋረጥ እየፈረሰ ስለሚታደስ ግን በቀን የሚሠራው ከራሳችን ክብደት ጋር ይቀራረባል።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ጡንቻ ከሚያቃጥለው ጉልበት ወደ ሥራ የሚለወጠው ከ20 እስከ 25 በመቶው ብቻ ነው። የቀረው ሙቀት ይሆናል። ብሎኬት የሚሸከም ሰው በሰዓት 400 ኪሎ ካሎሪ ቢያቃጥል ቢያንስ 300ው ሙቀት ነው። ያ ሙቀት መውጫ ቢያጣ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሰውነት በአንድ ሰዓት ውስጥ በ5 ዲግሪ ገደማ ይግል ነበር። ከ37 ወደ 42 ማለት ነው፤ ሰው እዚያ ሳይደርስ ይወድቃል።

መውጫው ላብ ነው። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ልብ በሉ፣ ሲተን ነው። ተንጠባጥቦ መሬት የወረደ ላብ ውሃና ጨው ያሳጣናል እንጂ አያቀዘቅዘንም። ሪያድ 45 ዲግሪ ላይ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ላቡ ገና ሳይታይ ይተናል። ኾበር በ38 ዲግሪ ሸሚዝ ይበሰብሳል፤ ባሕረ ሰላጤው ጥልቀት የሌለውና በበጋ በጣም የሚሞቅ ስለሆነ አየሩ በሩጡባ (በእርጥበት) ይሞላል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2003 ዳህራን ላይ አየሩ 42 ዲግሪ፣ የጤዛ ነጥቡ ደግሞ 35 ሆኖ ተመዝግቧል። በእንዲህ ያለ አየር 35 ዲግሪ የሆነ ማንኛውም ነገር ጤዛ መያዝ ይጀምራል። የሰው ቆዳም ሙቀቱ ወደ 35 ዲግሪ ገደማ ነው። ላቡ ወዴት ይተናል?

ይህ ሲሆን ልብ ሁለት ሥራ ይደርስባታል፤ ለጡንቻ ኦክስጅን ማድረስ፣ ሙቀቱን ለማስወጣት ደግሞ ደሙን ወደ ቆዳ መግፋት። ላብ ውሃ ስለሚወስድ ደሙ ራሱ ይቀንሳል። ድካሙ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ቴምር ቢጨመር መውጫውን አይከፍተውም። የሚከፍተው ውሃ፣ በምግብ የሚተካ ጨው፣ ጥላና ዕረፍት ነው።

ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ ማሠራት በሳዑዲ ሕግ የተከለከለ ነው፤ መብታችሁ ነውና ያዙት። ክልከላው ግን ፀሐዩን እንጂ ሩጡባውን አያይም። ማታ ሩጡባው ይብሳል፣ ወጥ ቤትና ልብስ የሚተኮስበት ክፍልም በሕጉ አልተነሡም። እህቶቼ፣ ምድጃ አጠገብ ወይም ካውያ ይዛችሁ ስትውሉ ሙከይፉ (ማቀዝቀዣው) እንዲከፈት ማዳምን ለመጠየቅ አትፈሩ።

ከደሴም ሆነ ከጎንደር ደጋ በቅርቡ የመጣችሁ ደግሞ ሰውነታችሁ እስኪለምድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። በእነዚያ ቀናት ላብ ቶሎ መውጣትን፣ ጨው መቆጠብን ይማራል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቀለል ባለ ሥራ ጀምሩ፤ የቆያችሁም አዲሱን ሰው አትቸኩሉበት።

አጠገባችሁ የሚሠራ ሰው ንግግሩ ከተምታታ፣ ከተንገዳገደ ወይም ራሱን ከሳተ፣ ላብ ቢኖረውም ባይኖረውም ጊዜ አትስጡት። ወደ ጥላ አውጡት፣ ልብሱን አላልታችሁ ሰውነቱን በሙሉ በቀዝቃዛ ውሃ አርሱት፣ በረዶ ካለ በአንገቱና በብብቱ አድርጉለት፣ አየር አራግቡለት። ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ አታጠጡት። አንዳችሁ በዚያው ሰዓት ወደ አምቡላንስ (997) ይደውል።