በሁለት ኮንትራቶች መካከል፦ ስለ ሥራ አጥነት ክፍያ የሚነገረውና እውነታው

በአሜሪካ በግል ኮንትራት የሚተዳደሩ ሰዎች፣ በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ በታክሲና በኡበር ሥራ የተሰማሩትን በርካታ ኢትዮጵያውያን ጨምሮ፣ አንዱ ሥራ አልቆ ሌላው እስኪገኝ ድረስ «አንኢምፕሎይመንት» ስለሚባለው የሥራ አጥነት ክፍያ እርስ በርሱ የሚጣረስ ወሬ ይሰማሉ። አንዱ ወገን ግብር የከፈለ ሁሉ ይገባዋል ሲል፣ ሌላው 1099 የተባለውን የኮንትራክተር የገቢ ቅጽ የተቀበለ ሰው ቢያመለክት በከንቱ ይደክማል ይላል። ሁለቱም የሚሳሳቱት ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ሳይመረምሩ በመናገራቸው ነው።

ሥርዓቱ የቆመው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 1935 በፈረሙት የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ላይ ሲሆን፣ የፌዴራሉ መንግሥት ማዕቀፉን ያወጣል፣ እያንዳንዱ ስቴት ደግሞ በራሱ ሕግ መዋጮ ሰብስቦ ክፍያውን ይፈጽማል። መዋጮውን የሚከፍለው አሠሪው ነው፤ ከሠራተኛው ደመወዝም የሚቆርጡት አላስካ፣ ኒው ጀርሲና ፔንሲልቬኒያ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ክፍያው ኢንሹራንስ እንጂ የችግረኛ ድጎማ አይደለም፤ መዋጮ ያልገባለት ገቢም በመደበኛው አሠራር መብት አያስገኝም።

«ግብር እከፍላለሁና ይገባኛል» የሚለው እምነት ከሁሉም የተስፋፋው ነው፤ የግል ሠራተኛ የሚሸከመው ግብር ከባድ ስለሆነም እምነቱ ቢያድርበት አያስደንቅም። አንድ ሹፌር ቤንዚኑንና ሌላ ወጪውን ቀንሶ በዓመት የተጣራ 30,000 ዶላር ቢያተርፍ፣ የዚህ ትርፍ 92.35 በመቶ፣ ማለትም 27,705 ዶላር፣ በ15.3 በመቶ ተሰልቶ 4,239 ዶላር ገደማ የራስ ሥራ ግብር ይጠየቃል፤ የገቢ ግብሩ ከዚህ ውጭ ነው። ከ15.3ቱ ውስጥ ግን 12.4 በመቶው ለሶሻል ሴኩሪቲ፣ 2.9 በመቶው በዋናነት ለአረጋውያን ሕክምና ለሚውለው ለሜዲኬር ይገባል፤ ለሥራ አጥነት ፈንድ የሚተርፍ አንድ ሳንቲም የለም። በአንጻሩ ለአንድ ቅጥር ሠራተኛ አሠሪው ለፌዴራሉ ፈንድ የሚከፍለው፣ የስቴቱ መዋጮ ሳይቆጠር፣ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት 42 ዶላር ብቻ ነው። ሁለቱን ቅጾች ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው ልዩነቱ በዐይን ይታያል፦ ለቅጥር ሠራተኛ የሚሰጠው ደብልዩ-2 ደመወዙን፣ የተቆረጠውን የገቢ ግብርና የሶሻል ሴኩሪቲ ተቀናሽ በየሣጥኑ ሲዘረዝር፣ 1099-ኤንኢሲ በመጀመሪያው ሣጥኑ ላይ ሠራተኛ ላልሆነ ሰው የተከፈለ ገንዘብ ብሎ ድምሩን ብቻ ያሰፍራል።

ይሁን እንጂ «ኮንትራክተር ነኝ ብሎ የፈረመ ሰው መብቱን አጥቷል» የሚለው ከመጀመሪያው ይልቅ ጎጂ ስሕተት ነው፤ ሰውን ሳይጠይቅ ያስቀረዋልና። የሠራተኛውን ደረጃ የሚወስነው የሥራው እውነተኛ አካሄድ እንጂ የወረቀቱ ርእስ አይደለም። ካሊፎርኒያን፣ ማሳቹሴትስንና ኒው ጀርሲን የመሳሰሉ ስቴቶች የሚጠቀሙበት «ኤቢሲ» የተባለው መመዘኛ ሰውየውን እንደ ቅጥር ሠራተኛ ቆጥሮ ይነሣና፣ ተቃራኒውን የማስረዳቱን ሸክም በድርጅቱ ላይ ይጥላል፤ ይኸውም በሥራው ላይ ቁጥጥር እንደማያደርግ፣ ሥራው ከድርጅቱ የዘወትር ሥራ ውጭ እንደሆነ፣ ሰውየውም በራሱ የቆመ ሙያ ወይም ንግድ እንዳለው ነው። አረጋውያንን በቤታቸው የሚንከባከብ ድርጅት የቢሮውን ቧንቧ ለማስጠገን ያስመጣው ባለሙያ ኮንትራክተር ሊሆን ይችላል፤ አረጋውያኑን የምታጥበውና የምታበላው ሠራተኛ ግን የድርጅቱን ዋና ሥራ የምትሠራ ስለሆነች፣ 1099 ስለተሰጣት ብቻ ኮንትራክተር አትሆንም።

ፍርድ ቤቶችና መሥሪያ ቤቶችም በዚህ መንገድ ወስነዋል። የኒው ዮርክ ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ፖስትሜትስ ለተባለው የዕቃ ማድረሻ ድርጅት ሲሠራ የነበረ ሰው ለሥራ አጥነት ኢንሹራንስ ጉዳይ ቅጥር ሠራተኛ ነው የሚለውን ውሳኔ አጽንቷል፤ ኡበርም ሹፌሮቹን ያለአግባብ ኮንትራክተር አድርጓል ተብሎ ለኒው ጀርሲ የሥራ አጥነትና የአካል ጉዳት ፈንዶች እ.ኤ.አ. በ2022 100 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። በካሊፎርኒያ ግን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 በሕዝብ ድምፅ የጸደቀው ሕግ በመተግበሪያ የሚሠሩ ሹፌሮችን ኮንትራክተር ስላደረገና የስቴቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2024 ስላጸናው፣ ያንኑ መሪ የጨበጡ ሁለት ሹፌሮች በስቴታቸው ምክንያት የተለያየ መብት ሊኖራቸው ይችላል።

በሠራተኛ አቅራቢ ኤጀንሲ በኩል ለተወሰነ ጊዜ የሚሠሩ ሰዎችም ራሳቸውን ኮንትራክተር ይላሉ፤ ኤጀንሲው ደብልዩ-2 የሚሰጣቸው ከሆነ ግን በሕግ ቅጥር ሠራተኞች ናቸው፣ በሁለት ምድቦች መካከልም ማመልከት ይችላሉ። በበርካታ ስቴቶች ምድቡ እንዳለቀ ኤጀንሲውን ሌላ ሥራ ያልጠየቀ ሰው በፈቃዱ እንደለቀቀ ሊቆጠርበት ስለሚችል፣ ጥያቄውን በጽሑፍ ማቅረብ ይበጃል። አንዳንዶች በማስረጃነት የሚያነሡት፣ በኮቪድ ወቅት ለግል ሠራተኞች የተከፈለው ልዩ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በማርች 2020 በወጣ የፌዴራል ሕግ የመጣና በሴፕቴምበር 2021 ያበቃ ነው፤ ዛሬ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ አይቻልም።

ክፍያ እየተቀበሉ በትርፍ ሰዓት የሚገኝን ገቢ ማሳወቅ አያስፈልግም የሚለው ምክር ደግሞ ሰውን ዕዳ ውስጥ ይከታል። ገቢው ሥራው በተሠራበት ሳምንት መመዝገብ አለበት፤ ሆን ብሎ የደበቀ ሰው የተከፈለውን ከመመለሱ በላይ ቢያንስ 15 በመቶ ይቀጣል።

ቅጥር ሠራተኛ ይሁን ኮንትራክተር የሚያጠራጥረው ሰው ማመልከት፣ የባንክ መዝገቡን፣ የሥራ መርሐ ግብሩንና ትእዛዝ የተላለፈባቸውን መልእክቶች ማያያዝ፣ ውሳኔውንም ለመሥሪያ ቤቱ መተው ይኖርበታል። መልሱ እምቢታ ከሆነ የይግባኙ ጊዜ አጭር ነው፤ በቴክሳስ 14 ቀን፣ በካሊፎርኒያና በኒው ዮርክ 30 ቀን ብቻ ስለሆነ ደብዳቤው በደረሰበት ዕለት ይከፈት፣ ቀኑም በላዩ ከተጻፈው ዕለት ጀምሮ ይቆጠር።